የቀለህ ሙያ

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ከገባ በኋላ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር ተጣላ። ጠቡ የተነሣው ማን ይበልጥ ተኳሽ ነው ከሚል ጉራ ነበር። ገብረ መስቀል በጠመንጃው የታወቀ ሰው ነው፤ ብሩስም አፉን የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። ያንተ ጠመንጃ በአረር የማይሠራውን የእኔ በሻማ ቁራጭ ይሠራዋል አለው። ነገሩ ከዐፄ ተክለ ሃይማኖት ጆሮ ደረሰና በዓይናቸው ሊያዩት ፈለጉ። ሦስት ጋሻ ተደርቦ ቀረበ። ብሩስ የሞራ ሻማ ለሁለት ቆርጦ አንደኛውን ግማሽ አጎረሰና ተኮሰ፤ ሻማው ሦስቱንም ጋሻ በስቶ ወጣ። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ከሾላ እንጨት የተሠራ ገበታ ሸነቆረ። ያየው ሰው አስማት ነው አለ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ የጉዞ መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትም ደግሞ የለንደን ሰው ብዙውን ታሪኩን ውሸት ነው ብሎ ሳቀበት።

አስማትም ውሸትም የሚያሰኝ ነገር የለበትም። ሞራ ለስላሳ ነው፤ ግን ከቅርብ ርቀት በበቂ ባሩድ ከተገፋ ለመጨማደድ ጊዜ አያገኝም፤ ጋሻው ላይ ሲያርፍ እንደ ጠጣር ነገር ይበሳል። ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ባሩዱ በቀላሉ ያስፈተልከዋል። በዚያው ልክ ቶሎ ይደክማልና ራቅ ተብሎ ቢተኮስ ኖሮ ጋሻውን ቅባት ቀብቶ መቅረቱ ነበር። ይህን ያህል ክብደት፣ ይህን ያህል ባሩድ፣ ከዚህን ያህል ርቀት የሚለውን ብሩስ አስቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ገብረ መስቀልን የረታው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ነው።

በእኛ በኩል የጠመንጃ ሙገሳ ሞልቷል። ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ሽለላው ተኳሹን በስሙ፣ ጠመንጃውን በዘሩ ይጠራል፤ ውጅግራ፣ ስናድር፣ በልጅግ፣ ምንሽር እያለ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ለወጣ ሰው ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት ስፍራ። ያ መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ትልቁን ማድነቅ እናውቅበታለን። አንዲት ቀለህ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ባሩዷን መዝኖ፣ አረሯን አስተካክሎ፣ ትናንት ከሞላት ጋር አንድ እስክትሆን የሚለፋውን ሰው ግን እስካሁን የፎከረለት አልሰማሁም።

ከአንበሳሜ ወደ ሐሙሲት ወርዶ፣ ጉማራን ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ በጥቅምትና በኅዳር የሩዝ ጠባቂዎችን ያያል። ሩዝ በዚህ ሜዳ የደርግ ዘመን እንግዳ ነው፤ በደራ ጅግና፣ በፎገራ ሻጋ ያሉት የገበሬ አምራች ማኅበራት ጀመሩት፤ ዛሬ ግን የፎገራ ስም ያለ ሩዝ አይነሣም። እሸቱ ሲያዝል ከጣና ዳር የሚነሣ ወፍ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ማማ ይሠራል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይቆማል። ሜዳው ጎርፍ ያመጣው ጥቁር አፈር ነውና ድንጋይ ብርቅ ነው፤ የሚወነጨፈው ጓል ነው። ብልህ ጠባቂ ያገኘውን ጓል ሁሉ አያነሣም። መጠኑ የተቀራረበውን፣ ደርቆ የጠነከረውን፣ ጎኑ ያልተሸረፈውን ይመርጥና እግሩ ሥር ይከምራል። ክንዱ የሚማረው ጓሉ ሳይለዋወጥበት ሲቀር ብቻ ነው፤ አንዱ ከብዶ አንዱ ከቀለለ ዓይኑ የቱንም ያህል ቢሰላ የሳተው ክንዱ ይሁን ጓሉ ማወቅ አይችልም። ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ይዞ የራሱን ጥይት በእጁ የሚሞላ አዳኝም የሚከተለው ይህንኑ ሐሳብ ነው፤ የልኩ ጥቃቅንነት ብቻ ይለያያል።

ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ስንል የዚህ አገር ሰው ከሁሉ ቀድሞ በብዛት የለመደው ውጅግራን ነው። ፈረንሳዊው መኮንን ባዚል ግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ከቀድሞው ሻስፖ አሻሽሎ ያወጣው ነው። ሻስፖ የወረቀት ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ግራ ያን ትቶ የናስ ቀለህ እንዲበላ አደረገው። ካዝና የለውም። መቀርቀሪያውን ከፍቶ አንድ ማጉረስ፣ ዘግቶ መተኮስ፣ ከፍቶ ቀለሁን ማውጣት ነው። ፈረንሳይ በ1886 ወደ ለበል ስትዞር የተረፈው ውጅግራ በጅቡቲ በኩል ገባ፤ ዓድዋ ላይም ተሰለፈ። ጥይቱ ከጠመንጃው ባልተናነሰ ሁኔታ የኑሮ ዕቃ ሆነ፤ በገበያ ከአሞሌው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ የተገበያዩበት ጊዜ ነበር።

ያቺን ጥይት አንድ ጊዜ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የአረሩ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም፣ ከኋላው ያለው ጥቁር ባሩድ 5.25 ግራም ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ወደ 450 ሜትር ይሄዳል። አረሩ ያለ ልባስ የሆነ እርሳስ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ራቁቱን ቢሄድ የቱቦውን ቦይ በእርሳስ ይለስነዋል። ስለዚህ ወረቀት ለብሷል። ከሥሩ፣ በእሱና በባሩዱ መካከል፣ የሰም ውታፍ ተቀምጧል። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ግማሽ ያህሉ እንኳን ጋዝ አይሆንም፤ የቀረው ጥላሸትና ጨው ሆኖ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ሰሙ ያን ጋግርት እያለሰለሰ ለሚቀጥለው አረር መንገድ ይጠርጋል። አሥረኛው ጥይት እንደ መጀመሪያው እንዲሄድ የተደረገ ዝግጅት በጥይቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል ማለት ነው። የፈረንሳይ ፋብሪካ ይህን በማሽን ይሠራው ነበር። ዛሬ ያን አሮጌ ጠመንጃ ለዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች በእጃቸው ይሠሩታል፤ ሙያውም እዚያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ወረቀቱ ስስ ነው፤ ጎኖቹ ሰያፍ ሆነው ይቆረጣል። ውኃ ያስነኩትና አረሩን ሁለት ዙር ያለብሱታል። ጫፉ ከጫፉ ጋር መግጠም አለበት፤ መደራረብም የለበትም፣ ክፍተትም ሊኖረው አይገባም። ቢደራረብ በዚያ በኩል የወረቀቱ ውፍረት ይጨምርና አረሩ ከቱቦው መካከል ያፈነግጣል፤ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ሚዛኑ ትንሽ ከሳተ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ክፍተት ቢተው እርሳሱ ቦዩን ይነካል። የተረፈው ወረቀት ከሥር ተጠምዝዞ ይታጠፋል፤ ሲደርቅ ራሱ ይጨመደድና አረሩን እንደ ቆዳ ይይዘዋል። ጥሩ የለበሰ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ ወረቀቱ ብጥቅጥቅ ብሎ ይበተናል፤ ተኳሹ ከፊቱ የወደቀውን ቁርጥራጭ አንሥቶ ያገላብጠዋል። ቁርጥራጩ ላይ የቦዩ መስመር ጥርት ብሎ ከታተመ፣ ወረቀቱም ካልተቃጠለ ሥራው ልቅም ያለ ነበር። የገዛ ሥራን ከመሬት ለቅሞ ማንበብ የሚቻልበት ሙያ ብዙ የለም።

ጥቁር ባሩድ አልፎ ጭስ የለሽ ባሩድ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ጠበበ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ያን ባሩድ በ1884 ሠራ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠመንጃዎች አረራቸው ቀጭን፣ ፍጥነታቸው እጥፍ ሊሆን የተቃረበ ነው። ቤልጅየም ሄርስታል የሚገኘው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት ለኢትዮጵያ የሸጠው፣ ሕዝቡ በልጅግ የሚለው የማውዘር ዓይነት ጠመንጃ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሁ 57 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የዚያ ጥይት የአደን ወንድም ዛሬም በዓለም ሁሉ ይመረታል፤ በአውሮፓ ደረጃ የተፈቀደለት የግፊት ጣሪያ 3,900 ባር ነው። ይህን ያህል ግፊት ከተኳሹ ጉንጭ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ የሚይዘው ስስ የናስ ግድግዳ ከመቀርቀሪያው ጋር ተጋግዞ ነው።

ናሱ ሰባ እጅ መዳብ፣ ሠላሳ እጅ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ይለጠጥና መጉረሻውን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ጋዙ ወደ ኋላ አያፈተልክም። ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ጥቂት ይሰበሰብና መቀርቀሪያው ሲሳብ ሳያስቸግር ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ከወጣ በኋላ ያ ቀለህ ከፋብሪካ እንደመጣው አይደለም፤ የዚያን የአንዱን ጠመንጃ መጉረሻ መልክ ይዟል። በእጅ ለሚሞላ ሰው ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው በዓለም ላይ ላለው ጠመንጃ ሁሉ እንዲገባ ስለሆነ ጥይቱ መጉረሻው ውስጥ ትንሽ ይላወሳል። ባለ ሙያው የሚሠራው ለአንድ ጠመንጃ ነው፤ ስለዚህ ቀለሁን ዙሪያውን አይነካካውም፤ አንገቱን ብቻ አረሩን እንዲይዝ ያጠበዋል። መቀርቀሪያው በእጅ የሚከፈት በመሆኑም ቀለሁ እንደ አውቶማቲክ ተስፈንጥሮ አይጎዳም፤ ጠርዙ ሳይሸረፍ በጣት ይለቀማል።

አንገቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በተተኮሰና በጠበበ ቁጥር ናስ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ አረሩን አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርጎ ይይዛል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየጊዜው አንገቱ እሳት ይነካል። ባለ ሙያው ቀለሁን እያሽከረከረ አንገቱን ብቻ ለነበልባል ያሳያል፤ ናሱ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚመስል ጥላ ከአንገቱ ወደ ትከሻው ወረድ ማለት ሲጀምር ያወጣዋል። ትንሽ ቢቆይ አንገቱ ይልፈሰፈሳል፤ ሙቀቱ ወደ ቂጡ ከወረደ ደግሞ ቀለሁ ይጣላል። ያን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው ቂጡ ነውና የለሰለሰ ቂጥ ተኳሹን ዓይኑን ሊያሳጣው ይችላል። ብዙ ጥይት የሚሠሩ ሰዎች ዛሬ ይህን በኤሌክትሪክ ማሽን ያሠሩታል። ማሽኑ ይሻላል፤ ግን በእጁ ሲያደርገው የቆየ ሰው የማሽኑን ሥራ በዓይኑ ያርማል።

ከዚያ የሚመጡት ሥራዎች ጥቃቅን ስለሆኑ ተመልካች ያሰለቻሉ። የመለኮሻው ጎድጓዳ ይጠረጋል። እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋብሪካው ሲበሳው የተወው ሸካራ ጠርዝ በውስጥ በኩል ካለ ይላጫል፤ እሳቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋልና። የቀለሁ ርዝመት በካሊፐር ይለካል፤ የረዘመው ይቆረጣል፤ አፉ በውስጥም በውጭም ይሞረዳል። መለኮሻው ሲገባ ጎድጓዳው ወለል ላይ እስኪያርፍ በጣት ይሰማል። እኔ ይህን ክፍል ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ሠሪው ግን ማለፍ አይችልም።

ባሩዱ ጋ ሲደርስ ክርክሩ ይደምቃል። ሚዛኑ የሚለካው በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጥሩ የእጅ ሚዛን የግሬንን አንድ አሥረኛ ይለያል። ይህ ማለት ጥቂት የባሩድ ፍሬ ነው። ሠሪው ባሩዱን ወደ ልኩ አስጠግቶ ካፈሰሰ በኋላ የቀረችውን በጣቶቹ መካከል በያዛት ትንሽ ቱቦ እያንከባለለ ፍሬ በፍሬ ይጨምራል፤ የሚዛኑ ጭራ መስመሩ ላይ ሲቆም እጁን ያነሣል። ሞኝነት የሚመስለው ሰው ሒሳቡን ይይ። ከአፈሙዝ በሴኮንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር ፍጥነቱ በ10 ሜትር ብቻ ቢለዋወጥ 300 ሜትር ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። በውጅግራው ፍጥነት ያው 10 ሜትር ከአምስት እጥፍ ያላነሰ ልዩነት ያመጣል። ያያቶቻችን ዘመን ተኳሽ ሩቁን ትቶ ጠጋ ብሎ መተኮስን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱ አለው። ቱቦ ሲተኮስ ይርገበገባል፤ አረሩ የሚወጣው በዚያ ርግብግብታ ላይ ነው። አንዳንድ ልክ ላይ ባሩዱ ጥቂት ቢበዛም ቢያንስም ቀዳዳዎቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ሌላ ልክ ላይ ትንሿ ለውጥ ትበታትናቸዋለች። ባለ ሙያው የመጽሐፉን የታችኛውን ልክ ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያ በትንንሽ ደረጃ እየወጣ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ጥቂት እየተኮሰ፣ ቀዳዳዎቹን እየለካ ይጽፋል። ከየጥይቱ በኋላ የመለኮሻውን ፊት ያያል፤ ጠርዙ ተጨፍልቆ ከጠፈጠፈ፣ የመቀርቀሪያው እጀታም ሲነሣ ከከበደ ግፊቱ ከልክ አልፏልና ያቆማል፤ ወደ ታች ይመለሳል። እዚህ ላይ ሰው ይለያል። ፍጥነት የሚያሳድድ ሰው አለ፤ ጣሪያው ድረስ ካልወጣ የሞላ የማይመስለው። እንዲህ ያለው ሰው በኔ ሚዛን ባሩድ አባካኝ ነው። በሴኮንድ ሠላሳ ሜትር ቀርቶበት አምስቱን ጥይት ሳንቲም የሚሸፍነው ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገባው ሰውዬ ነው ሙያተኛ፤ አውሬውም የሚወድቀው ለእሱ ነው፤ ቆስሎ የሚያመልጥበትም የለም።

አረሩ መጨረሻ ይገባል። ምን ያህል እንደሚገባ ከሚሊ ሜትር በታች ይለካል፤ ከቦዩ መነሻ ያለው ክፍተት ቀዳዳዎቹን ያጠባል ወይም ያሰፋል። ከገባ በኋላ ጥይቷ በሁለት ጉልላት ላይ ተኝታ ትሽከረከራለች፤ አጠገቧ የተተከለው መርፌ ከተንቀጠቀጠ አረሩ ጠሞ ገብቷል። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጥመት በዓይን አይታይም፤ መርፌው ግን አይምርም። የጠመመችው ለልምምድ ትቀመጣለች፤ ለአደን አትወጣም።

ይህን ሁሉ በስሜት ሳይሆን በማስረጃ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ሐኪም ነበር። አሜሪካዊው ዶክተር ፍራንክሊን ማን አረር ለምን እንደሚስት ለማወቅ ዕድሜውን ሰጠ፤ መጽሐፉን በ1909 አሳተመ። የሰው ትከሻ ጥፋቱን እንዳይሸፍንበት ከመሬት የተገነባ የኮንክሪት ምሰሶ ሠርቶ ቱቦውን እዚያ ላይ አሰረ። ከዚያ አረሮችን ሆን ብሎ ያበላሽ ጀመር። የአንዳንዱን ሹል ጫፍ ሸረፈ፤ የሌላውን ሥር ቀረጠፈ። ጫፋቸው የተበላሸው ይህን ያህል አልሳቱም፤ ሥራቸው የተበላሸው ግን ተበታተኑ። ምክንያቱ ጋዙ ነው። አረሩ ከአፈሙዝ በሚላቀቅበት ቅጽበት የሚነፋው ጋዝ የሚያርፈው ሥሩ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ጎኑ ከተሸረፈ ጋዙ በዚያ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ይገፈትረዋል። የገበያ ዓይን የሚያየው የጥይትን ጫፍ ነው፤ ዶክተር ማን ግን ወደ ሥሩ እንድናይ አደረገ። የወረቀት አልባሾቹ እጥፋቱን ከሥር ሲያደርጉ የሚጨነቁትም ለዚሁ ነው።

የፎገራን ሜዳ እንደገና የማነሣው በአየሩ ምክንያት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል፤ አረር የሚጋፈጠው ነገር ቀንሷል ማለት ነው። በ3,000 ሜትር ከሩብ በላይ ይሳሳል። ሙቀቱም አለ። አንዳንድ ባሩድ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ ግማሽ ሜትር በሴኮንድ ያህል ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። የወረታ ጠዋት ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል፤ ቀትሩ ደግሞ ጥላ ያስፈልገዋል፤ በመካከላቸው ሃያ ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት የሚኖርበት ቀን አለ። ያ ብቻውን አሥር ሜትር በሴኮንድ ነው፤ ባለ ሙያው በሚዛኑ ፍሬ በፍሬ የተሟገተው ያህል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ጥይቱን ፀሐይ ላይ አያሰጣም፤ ሙቀት የማይለዋውጠውንም የባሩድ ዓይነት ለይቶ ይገዛል።

በአገራችን ይህን ሙያ በግል ጠረጴዛ ላይ መሥራት የሚቻል አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃ መያዝንም ጥይት ማምረትንም በፈቃድ ያሰረ ነው፤ ሕጋዊ አደንም በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር፣ በተከለሉ ቀበሌዎች፣ በኮታ ይካሄዳል። በእጅ የተሞላ ጥይት የሚሠራው ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ነው፤ ለየጠመንጃው ልክ የሚያወጡት አዳኞችም ያሉት እዚያ ነው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ለደጋ አጋዘን ብለው ወደ አርሲና ባሌ ተራሮች ይመጣሉ። አጋዘኑ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ በሳይንስ ስም የወጣለትም ከመቶ ዓመት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ፣ በ1910 ነው። አስታው ውስጥ ቆሞ ማዶ ለማዶ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ከሩቅ ነው። ለአንድ አጋዘን ፈቃድ የከፈለ ሰው ያቆሰለውም እንደ ገደለው ስለሚቆጠርበት በጥይቱ አይቀልድም።

እንዲህ ያለው አዳኝ የጥይቱን ሣጥን ሲከፍት ክዳኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ይገኛል፤ የባሩዱ ዓይነትና ክብደት፣ የአረሩ ክብደት፣ የመለኮሻው ስም፣ ቀለሁ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ፣ የተሞላበት ቀን፣ የሠራበት ቦታ ከፍታና የዕለቱ ሙቀት ተጽፎበታል። ባሕር ጠለል አጠገብ ያወጣውን ልክ 3,000 ሜትር ላይ ይዞት መጥቷልና ካምፕ እንደገባ አደን አይወጣም። ወረቀት 300 ሜትር ላይ ይሰቅላል፤ ሦስት ይተኩሳል፤ ሄዶ ያያል። ሦስቱም ቀዳዳዎች አገሩ ላይ ከሚያርፉበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ያው ነው፤ አብረው ነው የወጡት። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ጉልላት ሁለት ወይም ሦስት ቂጭ ወደ ታች ያዞርና በወረቀቱ ላይ ከፍታውን አርሞ ይጽፋል።